ሬዲዮው ያገለገለ፣ አንቴናው ግን በልክ የተሠራ ይሁን

አማተር ሬዲዮ ለመጀመር የተነሣ ሰው፣ ተማሪም ሆነ መምህር፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ?» ብሎ ነው። ስለ አንቴና ማሰብ የሚጀምረው ሬዲዮው ተገዝቶ፣ ገንዘቡም አልቆ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ዕቃ ዝም ሲልበት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምሟገተው ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ነው። ጀማሪ ሬዲዮውን ያገለገለ ገዝቶ፣ የተረፈውን ገንዘብ፣ ከገንዘቡም ይልቅ ጊዜውንና ዕውቀቱን፣ በአንቴናው ላይ ቢያውል ይበጀዋል። ምክሩ ለግለሰብ ኪስ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይበልጥ ይሠራል ባይ ነኝ።

ጉዳዩ ለምን እኛን ይመለከታል?

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ የአማተር ሬዲዮን የሚተረጉመው ለራስ ሥልጠና፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ለቴክኒክ ምርመራ የሚውል፣ የገንዘብ ጥቅም የማይፈለግበት አገልግሎት አድርጎ ነው። ከሦስቱ ዓላማዎች ሁለቱ፣ ሥልጠናና ምርመራ፣ የዩኒቨርሲቲም ዓላማዎች ናቸው። በአገራችንም ይህ ትስስር አዲስ አይደለም። ኅብረቱ ለኢትዮጵያ ከመደባቸው የጥሪ ምልክቶች የታወቁት በ«ኢቲ» የሚጀምሩት ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤም የሚገኘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመልክዓ ምድራችን ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ጋር ተያይዞ ሲመሠረት ቦታውን ተፈላጊ ያደረገው ይኸው ቅርበት ነበር። ከመሬት በላይ ከ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ የሚዘረጋው የአዮኖስፌር ክፍል በዚህ የምድር ቀበቶ ላይ የተለየ ጠባይ ያሳያል። ቀን ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ይበረታል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም የአዮኖስፌሩ ንጣፍ እየተበጣጠሰ የሬዲዮ ሞገድን ያወዛውዛል። በአጭር ሞገድ የሚሠራ አማተር ይህን ሁሉ በየምሽቱ በጆሮው ይሰማዋል። በመጽሐፍ የሚያነበውን ክስተት በገዛ አንቴናው መመዝገብ የሚችል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሌላው ዓለም ተማሪ ይልቅ የተሻለ ቦታ ላይ ቆሟል።

መሣሪያውም ከአቅም በላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ጆ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2008 ለአማተሮች ያበረከተው «ዊስፐር» የተባለ የማስተላለፊያ ሥርዓት ለዚህ ተስማሚ ነው። አንዱ መልእክት 2 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የሚይዘው የድግግሞሽ ስፋት 6 ኸርትዝ ገደማ ብቻ ነው፤ ጆሮ ጨርሶ የማይለየውን ምልክት ኮምፒውተር ከጫጫታው ውስጥ ለይቶ ያወጣዋል። ስለዚህ 5 ዋትና ከዚያ በታች የሆነ ኃይል አህጉር ተሻግሮ ሊመዘገብ ይችላል። የሚጎድለን ብዙ ዋት ሳይሆን በትክክል የተሰቀለ ሽቦ ነው ማለት ነው።

ከራሴ ስሕተት

ይህን የምለው ከስሕተት ተምሬ ነው። የመጀመሪያውን ሬዲዮ የገዛሁ ጊዜ በጀቴን በሙሉ በሣጥኑ ላይ ጨረስሁ። ያገለገለ ባለ 100 ዋት ሬዲዮ ነበር፤ ደህናም ነበር። አንቴና ብዬ ግን ከመኝታ ክፍሌ መስኮት ወደ በረንዳው 5 ሜትር ያህል ሽቦ ዘረጋሁ። በሬዲዮው ውስጥ ያለው ማስተካከያ የተመላሽ ሞገዱ ልኬት «አንድ ለአንድ» መሆኑን ስላሳየኝ ሁሉ ነገር የተስተካከለ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ጠራሁ፤ የመለሰልኝ አልነበረም። የምሰማውም ቢሆን በአብዛኛው የጎረቤት አምፖሎችና የስልክ ቻርጀሮች የሚያሰሙትን ሲርታ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ተራ የቤት መስመር ሽቦ ገዛሁ፤ 10 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ለክቼ፣ መሐሉን ቆርጬ፣ በሕንፃው ጣሪያ ላይ ሰቀልሁት። በዚያው ምሽት ከደቡብ አውሮፓ መልስ አገኘሁ። ሬዲዮው ያው ነበር፤ ዋቱም ያው ነበር። የተለወጠው ሽቦው ብቻ ነው።

ስሕተቴ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የተመላሽ ሞገድ ልኬት ማማርን አንቴናው ከመሥራቱ ጋር ማምታታቴ ነው። አንቴናን ተክቶ ለመፈተሻ የሚያገለግል 50 ኦም ሬዚስተር ፍጹም «አንድ ለአንድ» ያሳያል፤ ነገር ግን ኃይሉን ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ ወደ አየር የሚሰደው የለም። ሁለተኛው ሒሳቡን አለመሥራቴ ነው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

የአማተሮች የምልክት ጥንካሬ መለኪያ በአንድ ደረጃ ከፍ እንዲል 6 ዴሲቤል ያስፈልጋል፤ ይህም ኃይሉን አራት እጥፍ ማድረግ ነው። ከ100 ዋት ወደ 400 ዋት ለመውጣት ተጨማሪ ማጉያ፣ ከባድ የኃይል ምንጭና ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ተቀባዩ ዘንድ የሚታየው ለውጥ አንድ ደረጃ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን። በክፍል ውስጥ የተጠቀለለ አጭር ሽቦ በአንጻሩ 10 ዴሲቤል በቀላሉ ያባክናል፤ ያኔ ባለ 100 ዋቱ ሬዲዮ ባለ 10 ዋት ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማጉያ የሚረዳው ለመናገር ብቻ ነው፤ አንቴና ግን ለመናገርም ለመስማትም ይረዳል። ያልሰሙትን ሰው ማነጋገር አይቻልም።

ከሬዲዮው እስከ አንቴናው የሚሄደው ኮአክሲያል ገመድም የሒሳቡ አካል ነው። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ገመድ 30 ሜትር ሲረዝም፣ በ14 ሜጋኸርትዝ ከሚገባው ኃይል ሲሶ ያህሉን ያስቀራል። በ145 ሜጋኸርትዝ ደግሞ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ በአጭር ሞገድ ቀጭኑ ገመድ ሲያስችል፣ በከፍተኛው ድግግሞሽ ግን ወፍራምና አጭር ገመድ ግዴታ ይሆናል። ሬዲዮው ዘንድ የተቀመጠ ማስተካከያ ይህን ብክነት አያስቀረውም፤ ሬዲዮው እንዳያውቀው ይሸፍንለታል እንጂ።

ያገለገለውን ሬዲዮ ስንመርጥ

ያገለገለ ሬዲዮ ይገዛ ስል የተገኘው ሁሉ ይገዛ ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው መመዘኛ ዓላማው ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ኬንውድ ቲኤስ-520 ያሉ ሬዲዮዎች በጊዜያቸው የተመሰገኑ ነበሩ፤ ለድምፅና ለሞርስ ግንኙነት ዛሬም ይሠራሉ። ነገር ግን የመጨረሻው ማጉያቸው በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ በመሆኑ በውስጣቸው ሰው የሚገድል ቮልቴጅ አለ፤ ድግግሞሻቸውም ሬዲዮው እስኪሞቅ ድረስ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። በ6 ኸርትዝ ስፋት ለሚሠራ ልኬት ይህ መንሸራተት ሥራውን ያበላሸዋል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ1979 በተደረገው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ለአማተሮች የተፈቀዱት የ10፣ የ18 እና የ24 ሜጋኸርትዝ ክልሎች በአሮጌዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሉም። ለምርምር የሚፈልግ ሰው ድግግሞሹ በክሪስታል ላይ ተመሥርቶ በዲጂታል መንገድ የሚመነጭለትን ዘመን ሬዲዮ ይምረጥ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የወጡት ባለ 100 ዋቱ አይኮም አይሲ-718 እና ባለ 5 ዋቱ ያኤሱ ኤፍቲ-817 የዚህ ዓይነት ምሳሌዎች ናቸው።

ሁለተኛው የኃይል ምንጩ ነው። የዚህ ዘመን ሬዲዮ አብዛኛው በ13.8 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይሠራል፤ ባለ 100 ዋቱ ሲያስተላልፍ 20 አምፔር ገደማ ይስባል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ በባትሪና በፀሐይ ኃይል መሥራቱ ትልቅ ጥቅም ነው። የኃይል ምንጩ በውስጡ የሆነ አሮጌ ሬዲዮ ከመጣ ግን ለ120 ቮልት የተዘጋጀ እንዳይሆን ከመሰካቱ በፊት ይታይ፤ የኛው 220 ቮልት በአንድ አፍታ ያቃጥለዋል።

ሦስተኛው ፈተናው ነው። ገዥ 50 ኦም የመፈተሻ ሬዚስተርና የዋት መለኪያ ይዞ ይሂድ። በያንዳንዱ የድግግሞሽ ክልል የሚወጣውን ኃይል ይለካ፤ በአንዱ ክልል 100 ዋት፣ በሌላው 30 ዋት ከሆነ ከማጣሪያዎቹ ወይም ከማስተላለፊያ መቀያየሪያዎቹ አንዱ ታሟል ማለት ነው። የራሱን ድምፅ በሌላ መቀበያ ያዳምጥ። ቁልፎችን ሁሉ ይጫን፤ ማሳያው በሙሉ መብራቱን ይይ። ክዳኑን አስከፍቶ የተቃጠለ ሽታ፣ የተላላጡ ብሎኖች፣ ያላዋቂ የበየዳቸው ቦታዎች መኖራቸውን ይመልከት። ማይክሮፎኑ፣ የኃይል ገመዱና የአሠራር መመሪያው አብረው መኖራቸውን ያረጋግጥ፤ የማይክሮፎን መሰኪያው ከሞዴል ሞዴል ስለሚለይ የጠፋውን መተካት ቀላል አይደለም። የመጨረሻው ማጉያ ትራንዚስተርና የማሳያው መለዋወጫ አሁንም የሚገኝ መሆኑንም አስቀድሞ ይጠይቅ። ሻጭ እንዲህ ያለውን ፈተና አልፈቅድም ካለ፣ ያ ራሱ መልስ ነው።

አራተኛውና ከሁሉ መቅደም ያለበት ሕጉ ነው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድ ሀብትን ያስተዳድራል። የፈቃዱና የዕቃው ማስገቢያ ጉዳይ ሳያልቅ ማስተላለፊያ መግዛት ገንዘብን ጉምሩክ መጋዘን ማስቀመጥ ሊሆን ይችላል። ጀማሪ በፈቃድ ባለ ክበብ ጣቢያ ሥር ቢጀምር ሕጉንም ሙያውንም አብሮ ይማራል።

አንቴናውን ስንመርጥ

ለጀማሪ የምመክረው በግማሽ የሞገድ ርዝመት የተቆረጠውን ዳይፖል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 142.5ን በሜጋኸርትዝ ለተሰጠው ድግግሞሽ ማካፈል የሽቦውን ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ይሰጣል። ለ14.1 ሜጋኸርትዝ 10.1 ሜትር፣ ለ7.1 ሜጋኸርትዝ 20 ሜትር ያህል ይሆናል። ሽቦውን ትንሽ አስረዝሞ ቆርጦ እየለኩ ማሳጠር ይሻላል፤ የተቆረጠ ሽቦ አይረዝምምና። ለ7 ሜጋኸርትዝ የተቆረጠው ዳይፖል በሦስት እጥፉ፣ በ21 ሜጋኸርትዝም፣ ስለሚያስተጋባ አንዱ ሽቦ ለሁለት ክልል ያገለግላል። ገመዱ ከሽቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ገመዱን ጥቂት ዙር መጠቅለል ወይም በፌራይት ቀለበት ማሳለፍ ጅረት በገመዱ ውጫዊ ገጽ ተመልሶ እንዳይመጣ ይገታል። ናኖ-ቪኤንኤ የተባለችው የኪስ መለኪያ ደግሞ ይህን ሁሉ በግራፍ ታሳያለች፤ አንድ ላቦራቶሪ ከሬዲዮው በፊት ሊገዛት የሚገባ መሣሪያ ናት።

ከርዝመቱ ቀጥሎ የሚመጣው ከፍታውና አቅጣጫው ነው። ዳይፖል በቂ ከፍታ ሲኖረው አብልጦ የሚያሰራጨው ወደ ጎኖቹ ነው፤ ወደ ጫፎቹ ደካማ ነው። ከአዲስ አበባ ለንደን በአጭሩ የምድር መንገድ ወደ 330 ዲግሪ፣ ዋሽንግተን ወደ 315 ዲግሪ አቅጣጫ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ሰሜን ምዕራብ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ ለመድረስ የሚፈልግ የሽቦውን ጫፎች ወደ ሰሜን ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዘርጋ። ቶኪዮ በ53 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ያው ሽቦ ለጃፓን ደካማ ይሆናል። በ14 ሜጋኸርትዝ 10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም የአንድ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ፣ ለሩቅ ግንኙነት በቂ ነው።

የ7 ሜጋኸርትዙ ዳይፖል ግን ከ5 እስከ 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ሲሰቀል ሞገዱን በአብዛኛው ወደ ላይ ይረጨዋል። የሩቅ ግንኙነት ወዳጆች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ ለእኛ ግን ጸጋ ነው። ወደ ላይ የወጣው ሞገድ ከአዮኖስፌር ተመልሶ በዙሪያው ባሉ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ላይ ይዘንባል፤ ተራራም ሆነ ሸለቆ አይጋርደውም። ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ጅማ 260፣ ባሕር ዳር 320፣ መቀሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ዝቅ ብሎ የተሰቀለ 20 ሜትር ሽቦና ያገለገለ ሬዲዮ ያላቸው አራት ዩኒቨርሲቲዎች በላያቸው ያለውን አዮኖስፌር ሞገዱ የሚመለስበትንና የማይመለስበትን ሰዓት በመመዝገብ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ሊከታተሉት ይችላሉ። ይህን ለመሥራት ከውጭ የሚመጣ ግንብ ወይም የሚሽከረከር አንቴና አያስፈልግም።

ጣሪያው ጠባብ ለሆነበት፣ ለምሳሌ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለሚኖር፣ በ14 ሜጋኸርትዝ 5 ሜትር ያህል የሚቆም አንቴና አማራጭ ነው። ከሥሩ ግን ተጨማሪ ሽቦዎች መዘርጋት አለባቸው፤ ያለ እነርሱ ኃይሉን መሬቱ ይበላዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና የከተማን የኤሌክትሪክ ጫጫታ አብልጦ እንደሚሰበስብም ይታወቅ። የትኛውም አንቴና ቢሆን ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም ሆነ አጠገብ አይሰቀል፤ ቢወድቅ እንኳ የማይነካው ርቀት ላይ ይሁን። በክረምት ነጎድጓድ ሲያንዣብብ ደግሞ ገመዱ ከሬዲዮው ተነቅሎ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። ነገር ግን ለጥገና ወደ ባሕር ማዶ መመለስ ያለበት ዕቃ ዋስትናው በወረቀት ላይ ያለ ነው። ይልቁንም የወረዳ ካርታው፣ ማለትም የወረዳ ሥዕሉ፣ በእጃችን ያለና ብዙ ሰው የጠገነው የቆየ ሞዴል በኛው ቴክኒሺያን እጅ ይድናል። «የተቋም የግዥ አሠራር ለአዲስ ዕቃ የተመቸ ነው» ለሚል ደግሞ መልሴ፣ እንግዲያስ መለኪያውን፣ ገመዱንና ሽቦውን አዲስ እንግዛ፤ ሬዲዮውን በስጦታ እንቀበል የሚል ነው። ያገለገለ ሬዲዮ ማበርከት በአማተሮች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «ለምርምር ከሆነ በኮምፒውተር የሚሠራ ርካሽ መቀበያ ይበቃል፤ ማስተላለፊያ ለምን?» የሚል ነው። ለጅማሬ መቀበያው ይበቃል፤ እኔም ገንዘብ ለሌለው ተማሪ አስቀድሞ የምመክረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ሐሳቤን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። ርካሹም መቀበያ ቢሆን ያለ አንቴና የሚሰማው የጎረቤትን ቻርጀር ነው። ከመቀበያው ወደ ማስተላለፊያው ሲታደግም አንቴናው ያው ይቀጥላል፤ የተጣለ ወጪ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ለሚጀምር ሁሉ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን እላለሁ፦ በመጀመሪያ ፈቃድና ክበብ፣ ቀጥሎ የሚሰቀልበትን ቦታ ለክቶ አንቴና መሥራት፣ ከዚያ በዚያ አንቴና ለጥቂት ሳምንት ማዳመጥ፣ በመጨረሻ ፈትኖ ያገለገለ ሬዲዮ መግዛት። ከበጀቱም ቢያንስ ግማሹ ከሬዲዮው ውጭ ላለው፣ ለሽቦው፣ ለገመዱ፣ ለመለኪያውና ለኃይል ምንጩ ይቀመጥ።

በየላቦራቶሪዎቻችን ውድ ሆኖ ተገዝቶ ከካርቶኑ ያልወጣ ዕቃ ማየት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ሬዲዮም በዚያው መደርደሪያ ላይ ሊጨመር ይችላል። እንዳይጨመር የሚያደርገው ግን ከ20 ሜትር ሽቦ ጋር ጣሪያ ላይ የሚወጣ፣ ለክቶ የሚቆርጥ፣ የለካውንም የሚጽፍ ተማሪ ነው። ሬዲዮውን ሌላ ሰው ሠርቶታል፤ አንቴናውን ግን ራሱ ካልሠራው በቀር ስለ ሞገድ ያጠናው ሁሉ በወረቀት ላይ እንደቀረ ይኖራል።